ለሁሉም እንዲደርስ የተባለው ሥልጠና

ማንኩሳ ላይ ሁለቱ ሚኒባሶች ተገናኙ። የእኛው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ይሄዳል፤ የእነሱ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ይመጣል። ሾፌሮቹ ጎን ለጎን አቆሙና በመስኮት ሰላም ተባባሉ። ከቡሬዎቹ መኪና አንዲት የግዥ ሠራተኛ አንገቷን አውጥታ፣ "ቤታችንን ጠብቁልን፤ እኛም የእናንተን እንጠብቃለን" አለች። በሁለቱም መኪና ሳቅ ሆነ። እኔ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንሠራው ራቅ ካለ አገር የሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ እዚህ በከፈታቸው ሁለት የመስክ ጽሕፈት ቤቶች ነው፤ አንዱ ፍኖተ ሰላም፣ አንዱ ቡሬ። ሰው በሚኖርበት ከተማ ከሠለጠነ ውሎ አበል አይታሰብለትም። ስለዚህ የፍኖተ ሰላሞቹ ቡሬ፣ የቡሬዎቹ ደግሞ ፍኖተ ሰላም እንድንሠለጥን ተደረገ። ትምህርቱ አንድ ነው፤ ቀኑም አንድ ነው። ይህን ያሰበውን ሰው ደግ ነው ይሉታል። እውነትም ደግ ነው። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ለንስሐ አባቴ ነግሬ እገላገለው ነበር።

እኔ የምርምር አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ይህን ስል እናቴ እንኳ አይገባትም። ተመራማሪው ያጠናል፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ለጋሽ ደንብ ያወጣል፤ እኔ መሀል ቆሜ ጥናቱ ከደንቡ እንዳይወጣ፣ ደንቡም ጥናቱን እንዳያንቀው እጠብቃለሁ። ምን እንደሚገዛ፣ ማን አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት፣ የቱ ሥራ ከየትኛው መቅደም እንደሚገባው የምከታተለው እኔ ነኝ። በጽሕፈት ቤቱ ግን "ጸሐፊዋ" እባላለሁ። በትምህርቴ አካውንታንት ነኝ፤ ይህን ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። እየተሰናከልኩ ነው የለመድኩት። ብዙዎቻችን እንዲሁ ነን። የምንሰናከለው እኛ ብቻ ብንሆን ግድ የለኝም ነበር።

አምና የተሰናከሉት ጅጋ አጠገብ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። የምናጠናው የአፈር አሲድ ነው። በዚህ አካባቢ ብዙ ማሳ ኮምጥጧል፤ በቆሎው ይበቅልና ጉልበት ሳይደርስ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን ዘር ከመዘራቱ በፊት ተበትኖ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበት። ገበሬዎቹ ማሳቸውን ለሙከራ ሰጡን፤ እኛም ኖራ እናመጣለን ብለን ቃል ገባን። የኖራው ማጓጓዣ ከታሰበው በላይ ተወደደ። አስተባባሪያችን ዶክተሩ ለአውደ ጥናት የተያዘውን ገንዘብ ወደ ማጓጓዣው አዛወረው። በቅን ልብ ነው። ለጋሹ አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት እሱም አላወቀ፣ እኔም አላወቅኩ፤ የነገረንም የለ። ለጋሹ ገንዘቡን አገደ። እግዱ ተነሥቶ ኖራው ሲመጣ ክረምቱ ገብቶ፣ በቆሎው ተዘርቶ ነበር። በአንድ መሪጌታ አጥር ሥር ተከመረ፤ ዝናብ መታው፤ ከነጆንያው ድንጋይ ሆኖ ቀረ።

መሪጌታው በደብራቸው ድጓ የሚያስተምሩ፣ ከማሕሌት ሲወጡ ሞፈር የሚጨብጡ ሽማግሌ ናቸው። የደረቀውን ክምር በመቋሚያቸው መታ መታ እያደረጉ፣ "ልጄ፣ መቃብር ቤት ልትሠሩልኝ ነው እንዴ?" አሉኝ።

"ይቅር ይበሉን መሪጌታ።"

"ኧረ ግድ የለም። አዝመራው ሊሞት ነውና መቃብሩ ቀድሞ መድረሱ ደግ ነው።"

ያን ዓመት ከዚያ ማሳ የገባው በቆሎ ለዶሮም አልበቃ።

ለጋሹ ተቆጥቶ ሲያበቃ አንድ መልካም ነገር አደረገ። ይህ ስህተት እንዳይደገም ከፍኖተ ሰላም አንድ ሰው በወጉ ይማር ብሎ አዲስ አበባ ለሚሰጥ የአንድ ወር ተኩል ኮርስ ወጪውን መደበ። ኮርሱን የጨረሰ ሰው ካለን እንዲህ ያለውን ፈቃድ እዚሁ ከለጋሹ ጋር ተነጋግረን መጨረስ እንችላለን። ከሌለን ግን ጉዳዩ ሁሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ይሄዳል፤ ዋናው ግቢ የሄደ ጉዳይ ደግሞ ዝናብ አያውቅም። ዶክተሩ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ "የምትሄጂው አንቺ ነሽ" አለኝ። በዕድሜ ታናሼ ነው፤ በሥራ ቦታ ግን አንቱ እለዋለሁ። "እግዚአብሔር ያክብርልኝ" አልኩት።

አሰላ ላለችው እናቴ ደወልኩ። ከአዲስ አበባ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እላለሁ አልኳት፤ አልጋዬን አወጣችልኝ። ለመሪጌታም ነገርኳቸው። "ዘንድሮ ተምሬ እመጣለሁ፤ ኖራው ዘር ሳይጣል ይደርስልዎታል" አልኳቸው። "ይሁን፣ በቆሎ አስቀምጣለሁ እንግዲያ" አሉ፤ እውነትም ከሌላው ማሳቸው ምርጥ ምርጡን ለዘር ብለው ከምድጃው በላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ዶክተሩ እጁን እያፋተገ፣ "ሳስበው፣ አንድ ሰው ብቻውን ከሚጠቀም ለሁሉም ቢደርስ ይሻላል" አለ። ለጋሹንም ጠይቆታል፤ እናንተ ካመናችሁበት ብሎ ፈቅዷል። የኮርሱ ወጪ ለሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች አጭር ሥልጠናና ውሎ አበል ይሆናል።

ገንዘብ ያዡ ቀድሞ አመሰገነ። "እግዜር ይስጥህ ዶክተር። የኔስ ቤት ግድግዳው ቆሞ ቆርቆሮ ሲጠብቅ ነበር።"

ንብረት ክፍሉ ሽማግሌም፣ "ጡረታዬ ሳይደርስ እስቲ እኔም አንድ ሥልጠና ልቅመስ" አሉ።

"ሾፌሩስ?" አለ አንዱ።

"ሾፌሩም ይገባል። እሱ ካልነዳ ምርምሩ በእግሩ ይሄዳል?" ተባለ። ሾፌሩ የምርምር አስተዳደር ሠልጣኝ ሆነ።

እኔ እጄን አነሳሁ። "ዶክተር፣ ይህ እኮ የማኅበር ጽዋ አይደለም፣ በተራ የሚዞረው" አልኩ።

"አየሽ፣ ለማኅበርሽ ሲሆን በተራ ትያለሽ፤ ለኛ ሲሆን ለብቻዬ ትያለሽ" አለኝ። ሳቁ።

ገንዘብ ያዡ ጨመረበት። "ደግሞ አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ፤ ጾምሽን ጾመሽ ታድሪያለሽ። ምን ጎደለሽና ነው?"

"ትምህርት ነው የጎደለኝ።"

"ኢንተርኔት ላይ ሞልቶ የለም እንዴ እቴ።"

በዚያ ሰሞን ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቷል፤ እሱም ያውቃል። ዐቢይ ጾም ነበርና አንደበቴን ፈርቼ ማስታወሻዬን ከደንኩ።

ቤቴ ገብቼ ነው መልሱ የመጣልኝ። መሪጌታ ዘንድ ድጓ ሊማር የመጣ ደቀ መዝሙር ዓመታት ይቀመጣል፤ ቆሎ ለምኖ፣ ሌሊት ዜማውን በቃሉ ቀጽሎ ይማራል። ለሁሉም ይድረስ ተብሎ ለእያንዳንዱ ምእመን አንድ አንድ መስመር ድጓ ታድሎ ያውቃል? ቢታደልስ በነጋታው ማሕሌት ማን ይቆማል? ጽዋ በተራ ይዞራል፤ የሁላችንም ጉሮሮ አንድ ነውና። ትምህርት ግን አንድ ሰው ጠጥቶ ለሌላው የሚያጠጣው ነው፤ በየሰው ከንፈር ጠብ ካደረጉት ማንንም አያረካም። ይህን ማለት ነበረብኝ። ብለውም መሳቃቸው አይቀርም ነበር።

እናም ቡሬ ደረስን። አዳራሹ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ከመድረኩ በላይ የሥልጠናው ስም የተጻፈበት ጨርቅ ተሰቅሏል። አሠልጣኙ ሳቂታ ወጣት ነው፤ የምርምር ጽሕፈት ቤት ደጃፍ እንኳ የረገጠ አይመስለኝም። የጊዜ አጠቃቀም የሚለውን ክፍል አርፍዶ ጀመረ። በግድግዳው ላይ የሚበራውን እንግሊዝኛ ያነብልናል፤ እያነበበ "ግልጽ ነው?" ይላል፤ ንብረት ክፍሉ ሽማግሌ "በሚገባ" ይሉለታል። ምርምር ምን እንደሆነ ተነገረን። መልካም አስተዳደር ምን እንደሆነ ተነገረን።

እጄን አነሳሁ። "ለአንድ ሥራ የተያዘን ገንዘብ ወደ ሌላ ስናዛውር፣ ለጋሹን መቼ ነው አስቀድመን የምንጠይቀው? መቼ ነው ሠርተን የምናሳውቀው? አምና በዚህ የተነሣ ኖራ ቀርቶብናል።"

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አለ። "ከሻይ በኋላ እመጣበታለሁ።"

ከሻይ በኋላ ፎቶ ተነሣን። ከፎቶ በኋላ ምሳ ሆነ። ጾሙ አልተፈታም ነበርና የጾም ቀረበ፤ ለዚያስ ምስጋና ይግባቸው። ከምሳ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው እኔና ወንበሮቹ ነበርን፤ የቀሩት ገበያ ወጥተዋል። አሠልጣኙ ኮምፒውተሩን ሊያነሣ ሲመጣ አየኝ።

"እህ፣ እስካሁን አልሄዱም?"

"ጥያቄዬን እየጠበቅኩ ነው።"

አንገቱን አከከ። "እውነቱን ልንገርዎት እህቴ? እሱን እኔም አላውቀውም። ይህን የሰጡኝ አንብበው ብለው ነው።"

ቢያንስ እሱ እውነት ተናገረ። ከዚያ ሥልጠና ይዤ የተመለስኩት ይህችኑ ነው።

በሳምንቱ ዶክተሩ ጠራኝ። ለለጋሹ የሚላክ ሪፖርት እንድጽፍ ነው፤ የሠራተኛው አቅም ተገንብቷል፣ ፈቃዱ እዚሁ ይሰጠን የሚል።

"የተማርኩትን ልጽፍልዎ እችላለሁ" አልኩት። "ያልተማርኩትን ግን አልችልም።"

"አንዲት ዐረፍተ ነገር እኮ ናት። ሰው አይሞትባትም።"

"ሰው አይሞትም፤ በቆሎ ነው የሚሞተው።"

ወንበሩ ላይ ተደግፎ አየኝ። አልተቆጣም፤ እሱ አይቆጣም። "አንቺ እንዲህ ስትሆኚ ቅዳሴ ስታስቀድሺ የምትውይ አትመስዪም" አለኝ።

"ስለማስቀድስ ነው።"

ሪፖርቱን ራሱ ጻፈው። ለጋሹም ብዙ አልቆየ፤ ኮርሱን የጨረሰ ሰው አላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። የለንም። ጉዳዩ ሁሉ ዋናው ግቢ ሄደ፤ የኖራው ግዥም አብሮ ሄደ። ዶክተሩ፣ "ምን ይደረግ፣ በሚመጣው ዓመት እንይዘዋለን" አለ። አሁን ከቢሮዬ መስኮት የገንዘብ ያዡ ጣሪያ ይታያል። አዲስ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐይ ሲወጣ ዓይን ይወጋል። ቤቱ ሲመረቅ ጠርተውኝ ሄጃለሁ፤ መልካም ቤት ነው፤ ዘንድሮ በልጆቹ ላይ አያፈስም። የልጆቹን ደረቅ አልጋ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ቁጣዬ ግን በዚያው ባሰ። መልካም ነገርን ሊነሣ ከማይገባው ቦታ አንሥተው ካመጡት መልካምነቱ ይቀራል አልልም። የተነሣበት ቦታ ግን ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ እዚያም የሚኖር ሰው አለ።

ንስሐ አባቴ፣ "ቁጣሽን ተዪው፤ ፀሐይ ሳይጠልቅ ይብረድ" ይሉኛል። እሞክራለሁ። ለራሴ የሆነውን ትቼዋለሁ ብዬ አስባለሁ፤ አሰላ የተነጠፈችልኝን አልጋ፣ ጸሐፊዋ መባሉን። የመሪጌታን ግን መተው የኔ ሆኖ አልታየኝም።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ቅዳሜ ጠዋት ጅጋ ሄድኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም። ሰዎቹ ግን ኖራ እየጠበቁ ወቅት እንዳያልፍባቸው መንገር አለብኝ። መሪጌታ ከአጥራቸው ሥር ነበሩ። መቋሚያቸውን ወደ ደረቀው ኖራ ጠቆሙ።

"ተቀመጪ ልጄ። የራሳችሁ ወንበር ነው።"

ተቀመጥኩ። ይቀዘቅዛል።

"እህስ፣ ተማርሽ ወይ?"

"አልተማርኩም መሪጌታ። ሳይልኩኝ ቀሩ።"

"ሌላ ሰው ላኩ?"

"ሁላችንንም ላኩን።"

"ሁላችሁንም ልከው አንድ የተማረ ጠፋ?"

"አዎ።"

"እኛም ዘንድ አለ፤ ዜማ የማያውቅ ሲበዛ ማሕሌቱ ይደምቃል ይላሉ። እስኪጀመር ድረስ ነው።" ከዚያ ወደ ማሳቸው ተመለከቱ። "እንግዲያ ኖራው?"

"አይጠብቁት። ዘንድሮም ዘር ሳይጣል አይደርስም። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ገብተው ከምድጃው በላይ ሰቅለውት የነበረውን በቆሎ አወረዱና ለባለቤታቸው አቀበሉ፤ "ፈልፍይው፣ ይፈጭ፤ ዘር መሆኑ ቀርቷል" አሏቸው። ማሳው ላይ ግብጦ ሊበትኑ ነው። ግብጦ ተስፋ የተቆረጠበት መሬት እህል ነው፤ ኮምጣጣውን አፈር ይችላል፤ እሱም መራራ ነው፣ ቀናት በውኃ ካልተዘፈዘፈ አይበላም።

ልነሣ ስል በነጠላዬ ጫፍ ላይ አንድ እፍኝ የዓመቱን ግብጦ አፈሰሱልኝ። "ዘፍዝፊና ብዪ" አሉኝ። "ለዚያ ለዶክተራችሁም ስጪው። ሳይዘፈዝፍ ይብላው።"

ሳቅኩ፤ በዚያ ዓመት በዚህ ጉዳይ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ግብጦውን ለዶክተሩ ወሰድኩለት፤ ከማን እንደሆነም፣ ምን እንዳሉም ነገርኩት። የቡሬውን ፎቶ በመስተዋት አስገብቶ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ሁላችንም አለንበት፣ ሾፌሩም። አንዲቱን ፍሬ አንሥቶ ወደ አፉ አስጠጋና ወደ ሳህኑ መለሳት። "ለሚመጣው ዓመት ኮርሱን እንጠይቅ?" አለኝ።

"እኔ ጠይቄያለሁ" አልኩት። "አሁን እርስዎ ይጠይቁ፤ ለአንድ ሰው ይበሉ።"

እስካሁን አልጠየቀም። ግብጦው እዚያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ እንዳትነካው ነግሬያታለሁ።