ወንድ የማይጠጋበት ጓሮ

ልጄ ለሁለተኛ ጊዜ ከባሏ ቤት ስትመጣ ግራ እጇ ተሰብሮ ነበር። ሆስፒታል ወስጄ በጄሶ አሳሰርኩላት። ለፖሊስ አመለከትኩ፤ የተሰጠኝን ወረቀት ሁሉ በፌስታል ጠቅልዬ ፍራሽ ሥር አስቀመጥኩ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ወረቀት ከጠፋ ሰውም አብሮ የሚጠፋ ይመስለኛል። እጇ በሁለት ወሩ ዳነ። እሷ ግን አልዳነችም። ስጠራት ትመጣለች፣ ስሰጣት ትበላለች፣ አትናገርም። ጸበልም ወስጃታለሁ። በዚህ መሃል ባሏ ልታረቅ ብሎ ሽማግሌ ላከ። ለእሑድ ቀጠሩኝ፤ እኔም እምቢ ማለት ፈርቼ እሺ አልኩ።

የግድግዳ ጎረቤቴ ጌዴኦ ናት። ኮንጋ የምትባል ገጠር ያለችው አክስቴ ዘንድ ውሰጃት አለችኝ። እዚያ ሴቶቹ እንሰት ሲፍቁ እንዲህ የደረሰባትን ሴት ከመሃላቸው ያስቀምጣሉ፣ ከእናት ከአያት የመጣ ነው፣ መድኃኒትም ጥንቆላም የለበትም አለች። "ሴት እንሰት እየፋቀች ወንድ አይጠጋም፤ ባሏም ቢሆን" ስትለኝ ነው ልቤ የተነሳው።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ብርድ ልብስ፣ የሕመም ማስታገሻ፣ የፈላ ውሃ በጠርሙስ፣ ወረቀቶቹንም ይዤ ነበር። አክስቲቱ አጠር ያለች፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። ፌስታሉን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የፖሊስ ወረቀት ነው አልኳት። ጥሩ ነው፣ ዝናብ እንዳይነካው ብላ ወስዳ ከቤት ውስጥ ሰቀለችው።

በጓሮው እንሰት መሃል አምስት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የተላጠውን እንሰት ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ በእግራቸው ጫን አድርገው ይዘው በቀርከሃ ይፍቃሉ። ልጄን ከመሃላቸው አስቀመጧት። አንዷ ስሟን ጠየቀቻት፤ እኔ መለስኩ። ቁርስ በልታ እንደሆን ጠየቀቻት፤ እኔ መለስኩ። እጇን ያማት እንደሆን ሲጠይቋትም አሁንም እኔ ነኝ።

"ምላሷን ላንቺ አከራይታለች እንዴ?" አለች ከሁሉም ወጣቷ።

ሳቁ። አክስቲቱ ግን አልሳቀችም። የቀርከሃ መፋቂያ ሰጥታ ከጥግ አስቀመጠችኝ።

ከዚያ በኋላ ልጄን ማንም ምንም አልጠየቃትም። እየፋቁ በየተራ የራሳቸውን ያወራሉ፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወሩ። አንዷ ጥርሷን ስላረገፈው ባሏ አወራች። ሌላዋ ስለ ወንድሟ ጀምራ ሲከብዳት ተወችው፣ እንደገና ጀመረችው። ማንም ቀጥይ አላላትም። ከሰዓት በኋላ ተራው እኔ ጋ ደረሰ። እኔ ምንም አልደረሰብኝም፣ ልጄን ላደርስ ነው የመጣሁት አልኩ።

ልጄ ቀና ሳትል፣ "መልሳ ወደ እሱ የወሰደችኝ እሷ ናት" አለች።

ድምጿን እንደዚያ ጥርት ብሎ ከሰማሁት ወራት ሆኖኝ ነበር። እውነቷን ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ፊቷ አብጦ ስትመጣ ሦስት ቀን እርጥብ ጨርቅ ስይዝላት ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን የሽማግሌ ምክር ሰምቼ፣ ስኳር ገዝቼ፣ እኔው ራሴ ከደጁ አድርሻታለሁ። የሰው አፍ ፈርቼ ነው ልላት አፌን ስከፍት አክስቲቱ ቀደመችኝ።

"አትመልሺላት። ፋቂ።"

ፋቅኩ። ወገቤ እስኪቆረጥ ፋቅኩ።

ፀሐይ ዘንበል ስትል ልጄን ሞተር ሳናጣ እንሂድ አልኳት። እዚህ እቆያለሁ አለች።

"ለሽማግሌዎቹ የት እንዳለሁ ልትነግሪያቸው ነው አይደል?"

መልሴን ሳትጠብቅ ወደ ሳንቃው ዞረች። ብርድ ልብሱን ትቼላት ብቻዬን ወረድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው የልጄ የክርስትና እናት ባል ነው፤ በመንገድ ሳገኘው ነጠላዬን አስተካክዬ ቆሜ የማሳልፈው ሰው። ልጅቷ የታለች አሉ። እዚህ የለችም አልኩ። የት እንደሄደች ደጋግመው ጠየቁኝ፤ እኔም ያንኑ ደገምኩ። እናት ናት፣ አስባበት ትመክራታለች ተባባሉ።

"እኛ ባዳ ሆንን እንዴ?" አለኝ የክርስትና እናቷ ባል።

"ያኔም እርስዎን ሰምቼ ነው የወሰድኳት ጋሼ። አሁን እሷን ልስማ።"

ተቀይመው ወጡ። በሩን ቀረቀርኩና ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ በቀን አልጋ ላይ ጋደም አልኩ።