የማሂራ ጀርባ

ሁሪያ ጁነዲን፣ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ባለ ማተሚያ ቤት፣ ለሠርግ ጥሪ ካርድ አበባ ትስላለች። አበባ መሳል ሰልችቷታል። የምትወደው በተከታታይ ሥዕል የሚተረከውን ታሪክ፣ ኮሚክን ነው፤ እሱም ያበሳጫታል። ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች በምትገዛቸው የውጭ ኮሚኮች ውስጥ አስማተኛው ጣቱን ሲያወዛውዝ ሕንፃ ከመሬት ይነሳል፤ በሚቀጥለው ገጽ ሰውዬው ተቀምጦ ይስቃል። «የሕንፃው ክብደት የት ሄደ?» ትላለች ለብቻዋ። ክብደት ዝም ብሎ እንደማይጠፋ ከቤቷ ታውቃለች። አባቷ ሠላሳ ዓመት የመርካቶን ጆንያ ተሸክመዋል፤ ዛሬ ጆንያው ቢወርድላቸውም ጀርባቸው አልተቃናም።

ስለዚህ የራሷን የኮሚክ ጀግና፣ ማሂራን ፈጠረች። ማሂራ የተሸካሚን ሸክም በጣቷ ነክታ ታንሳፍፈዋለች፤ ራሷም ትበራለች። ሸክሙ ግን አይጠፋም፣ እሷ ጀርባ ውስጥ ይገባል። በየበረራው ትንሽ ትጎብጣለች።

የደብተር ጅምላ ነጋዴው ጋሽ ሙነወር ሥዕሉን ወደዱት። ሚሌኒየሙ ሊገባ ዓመት ሲቀረው፣ በክረምቱ፣ በደብተር ጀርባ ላይ በማባዣ ሰንጠረዡ ፋንታ ታተመ። ደብተር በደርዘን ይታሰራልና ሁሪያ ታሪኩን ለአሥራ ሁለት ከፈለችው፤ በአንዱ ደብተር ማሂራ ትበራለች፣ በሚቀጥለው ጎብጣ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። የመርካቶ ልጅ ሆና ሳለ አንድ ነገር ረሳች፦ ቸርቻሪ ደርዘኑን ፈትቶ በነጠላ ይሸጣል።

መስከረም ላይ ጋሽ ሙነወር አስጠሯት። ሱቁ ጥግ የተመለሰ ደብተር ተቆልሏል፤ ሁሉም ላይ ያለችው የጎበጠችው ማሂራ ናት።

«ልጆቹ የምትበረዋን እየመረጡ ነው የሚወስዱት» አሏት። «ይቺን አሮጊት ማን ይግዛት?»

«አሮጊት አይደለችም ጋሼ፣ ያቺው ልጅ ናት። ከበረረች በኋላ ነው።»

«ታዲያ ምን ያሳምማታል? አስማት አይደል እንዴ!»

«አስማትም ቢሆን… ይከፈልበታል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ደብተር ሻጭ ነኝ ወይስ ወጌሻ?» ሠራተኞቹ ሳቁ። «ለአዲሱ ደብተር የምትበር ብቻ፣ ስድስት ሳዪልኝ። አለዚያ ማባዣው ይመለሳል። እሱ እንኳ አይጎብጥም!»



ሳምንት ሙሉ ስትስል፣ ስትቀድ ከረመች። በመጨረሻ ስድስቱም በረራዎች ላይ የማሂራን ጀርባ አጎበጠችው፤ በመጀመሪያው ጥቂት፣ በስድስተኛው አገጯ ደረቷን እስኪነካ። እንግዲህ ደርዘኑን ማንም ቢፈታው ዋጋው ከበረራው አይነጠልም።

ጋሽ ሙነወር ሥዕሎቹን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። 

«ማሻአላህ! አየሽ፣ አሁን ፍጥነት መጣ! ጎንበስ ብላ ነፋሱን ስትሰነጥቀው!»

ሁሪያ ሥዕሎቹን ትታላቸው ወጣች።

ደብተሩ አለቀ። መርካቶ ውስጥ በምን አለሽ ተራ በኩል ስታልፍ ልጆች እንደ ማሂራ ጎብጠው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ «ቩውውው!» እያሉ ሲሮጡ አየች። ከንዴቷ ብዛት እንባዋ መጣ።

ቤት ገብታ ስድስተኛውን ደብተር ፍራሹ ላይ ወረወረችው። አባቷ አነሱት። ማንበብ አይችሉም፤ ሥዕሉን ግን አተኩረው አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከማሂራ ወገብ ከፍ አድርገው አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ነው የሚያማት» አሉ። «ማን ነው ይሄን ሁሉ ያሸከማት?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች። ሥዕሉ የገባው ሰው አግኝታ ደስ ሊላት ሲገባ፣ ሸክሙን የጫነችባት ራሷ በመሆኗ አፈረች።