የጡት እህቴ ልጅ ስትዳር

እናቴ ቆቦን ባነሳች ቁጥር አንድ ነገር ደረቴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ቆቦ የተወለድኩባት ከተማ ናት፤ ልጠላት አልችልም። የሚቆነጥጠኝ እዚያ የቀረችው የጡት እህቴ ነገር ነው።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የሄደ አስተማሪ ነበር። መጀመሪያ ጎብዬ፣ ኋላ ቆቦ አስተማረ። ቆቦ ላይ ቤት ያከራየን ሰው ፍየልና ግመል የሚነግድ፣ ከአፋሮች ጋር ወዳጅነት የነበረው ሙስሊም ነበር። የእሱን ግቢና የእኛን የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። እኔ የጥቂት ወራት ልጅ ሳለሁ ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳ በወሊድ ሞተችበት። እናቴ ማንም ሳይጠይቃት ሄዳ ሕፃኗን አቀፈችና አንዱን ጡቷን ለእኔ፣ አንዱን ለእሷ አደረገች። ሲያወሩ እንደሰማሁት ግራው የእኔ፣ ቀኙ የእሷ ነበር። ቀኙ ለምን ለእሷ እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቄያታለሁ።

"አንቺ ቀድመሽ ጠግበሽ ነበራ" ብላ ሳቀች።

ስድስተኛ ክፍል ስጨርስ አባቴ ወደ አገሩ ተዛወረና ሄድን። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ቀረች፤ እዚያው አደገች፣ ተዳረች፣ ወለደች። ባለፈው ጥር ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን ልትድር ስትል ደወለች። የደወለችው ለእኔ አይደለም፤ ለእናቴ ነው።

"እማ፣ አንቺ ሳትመጪ ልጄ ከቤት አትወጣም" ስትላት ሰማኋት። "እማ" የሚለው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ዛሬም ድረስ የእኔን ዕቃ ሰው ይዞት ያየሁ ይመስለኛል።

አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ የምትኖረው ባሕር ዳር፣ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነው። ከአልጋዋ እስከ በረንዳው ለመሄድ ምርኩዝ ትፈልጋለች። እኔ ነርስ ነኝ፤ የደም ግፊቷን እለካለሁ፣ ጨው ያልነካው ወጥ ለብቻዋ እሠራለሁ። ትንሽ ትቀምስና "በቃኝ ልጄ" ትላለች። የዚያን ዕለት ግን ስልኩ እንደተዘጋ ብድግ ብላ የክት ቀሚሷን ከሳጥን ማውጣት ጀመረች።

"ጉልበትሽስ እማ?" አልኳት።

"ጉልበቴ የሚያመኝ እዚህ ነው" አለችኝ።

ባለቤቴ እየነዳ ወልድያ አደርንና በማግስቱ ወደ ቆላው ወረድን። ጎብዬ ስንደርስ እንቁም ያልኩት እኔ ነኝ። እናቴ ሙሽራ ሆና የገባችበት፣ አባቴ የመጀመሪያ ደመወዙን የበላበት ቤት እዚያ ነው። እኔም ሆንኩ የጡት እህቴ ያልነበርንበት ዘመን ነው። እዚያ ብትቆም ስለራሷ የምትነግረኝ ነገር ይኖራል፣ እሱም የእኔ ብቻ ይሆናል ብዬ ነበር። ቤቱ ሻይ ቤት ሆኗል። የገበያ ቀን ስለነበር ከየቀበሌው የመጡ ገበሬዎች ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ ከመኪናው ሳትወርድ በመስኮት አየች።

"በሩ በዚያ በኩል ነበር" አለች። ቀሪውን እንድትነግረኝ ጠበቅኳት። "በሉ እንሂድ፣ ልጅቷ ትጠብቀናለች።"

"የቷ ልጅ እማ?"

ባለቤቴ ሳል ቢጤ ሳለና መኪናውን አስነሳ። ሮቢት ከተማን አለፍን። ማሽላው ታጭዶ አገዳው በየማሳው ተከምሯል፣ በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ በሙቀቱ ውስጥ ደብዝዞ ይታያል። መስኮቱን ከፍቼ ንፋሱን ፊቴ ላይ ለቀቅኩት።

የሠርጉ ቤት በር ላይ የጡት እህቴ ቆማ ትጠብቅ ነበር። መኪናው ገና ሳይቆም ሮጣ መጣችና የእናቴን ጉልበት አቅፋ ሳመች። እናቴ ምርኩዟን ወደ እኔ ወርውራ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ሁለቱ እየተላቀሱ፣ እየሳቁ፣ እንደገና እየተላቀሱ ወደ ዳሱ ገቡ። እኔ ምርኩዙንና ሻንጣውን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። "ማሻአላህ! የአስተማሪው ሚስት መጣች!" የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል። አንዲት አሮጊት እጄን ይዘው አተኩረው አዩኝና "ይቺኛዋ ማን ናት?" ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ።

"ሌላዋ ልጇ ናት" አሏቸው።

ሌላዋ። ከሆዷ የወጣሁት እኔ፣ ቆቦ ላይ ሌላዋ ነኝ።

ወደ ማታ ላይ የጡት እህቴ የማሽላ ቂጣ በቅቤና በወተት ፈትፍታ ይዛ መጣች። እናቴ እግሯን ዘርግታ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ከእሷ እጅ ጎረሰች። አሁንም ጎረሰች። ሳህኑ ሊያልቅ ነው። ከእኔ ጋር እንዲህ በልታ አታውቅም።

"እማ፣ ቅቤው እኮ ጨው አለበት" አልኩ።

"እስኪ ተይኝ" አለች ሳታየኝ።

"አብሽሪ እታለም" አለችኝ የጡት እህቴ፣ "ጨው የለበትም፣ ለእሷ ብዬ ለብቻ ነው ያነጠርኩት።"

ተሳስቼ መገኘቴ ከቅቤው የባሰ አቃጠለኝ።

በሠርጉ ዕለት ለክርስቲያን እንግዶች ሌላ ሰንጋ ተጥሎ፣ ሌላ ዳስ ተጥሎ ነበር። ባለቤቴ እዚያ ገብቶ ከአንድ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ጋር ወሬ ያዘ። እኔ ሴቶቹ መሐል ሆኜ እናቴን እጠብቃለሁ። የራያ ጎረምሶች ዱላቸውን ከፍ አድርገው መሬቱን በእግራቸው ሲመቱት አቧራው ተነሳ፣ እልልታው ቀለጠ። ድንገት እናቴ ተነሳች። ያለ ምርኩዝ። የጡት እህቴ ክንዷን ስትዘረጋላት ያዘችና ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ጨፈሩ። በእኔ ሠርግ ቀን እናቴ ወገቤን አመመኝ ብላ ከወንበሯ አልተነሳችም። ያን ጊዜ አምኛት ነበር፤ እዚያ ቆሜ ግን አመመኝ ያለችውን ወገብ በዓይኔ ፈለግኩት።

ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ አንዱ "እናት ትመርቅ" አሉ። የጡት እህቴ የእናቴን እጅ ይዛ ወደ ፊት አመጣቻትና ሙሽራዋን እግሯ ሥር አንበረከከቻት።

"ውለጂ፣ ክበጂ፣ የልጄ ልጅ። ማህፀንሽ ይባረክ። ቤትሽ ልጅ አይጣ" አለች እናቴ።

"አሚን!" አለ ሕዝቡ።

ለእኔም እንዲሁ መርቃኝ ነበር። ልጅ አልወለድኩም። ያን ምርቃት ለሌላ ሲሰጥ መስማት አቃተኝና በሰው መሐል ተሹለክልኬ ወጣሁ።

ሁለቱን ግቢ ይለይ የነበረው ቁልቋል ተነቅሎ በቆርቆሮ ተተክቷል፤ መሐሉ ላይ ትንሽ በር አለ። ገፍቼ ገባሁ። የድሮ ቤታችን እዚያው ነው። ጭቃው በሲሚንቶ ተለስኗል፣ ግድግዳው ሰማያዊ ተቀብቷል። እናቴ እኔን የወለደችበት ጓዳ ውስጥ ላስቲኩ ያልተላቀቀ ፍራሽ ያለው ሰፊ አልጋ ተዘርግቷል፣ አዲስ መጋረጃም ተሰቅሏል። ሙሽሮቹ ከሙሽራው ቤተሰብ ዘንድ ሲመለሱ የሚኖሩት እዚያ ነው። ማንም አልነገረኝም። ነገሩ ቤቱ የእነሱ ነው፤ እኛ ተከራይተን ነበር እንጂ አልገዛነውም። ቢሆንም ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

የጡት እህቴ ፈልጋኝ መጣች። እጇ ላይ ሂናው ገና አልደረቀም።

"ምን ሆንሽ እታለም? ሰው ይፈልግሻል።"

"ሰው የሚፈልገው አንቺን ነው። እናቴም የምትፈልገው አንቺን ነው።"

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን ከጀመርኩ ወዲያ ማቆም አልቻልኩም።

"አንቺ ጋ ትበላለች፣ ትስቃለች፣ ትጨፍራለች። እኔ ጋ ስትደርስ ያማታል። ምን አድርገሽላት ነው? የእኔ ድርሻ ምርኩዝ መያዝ ብቻ ነው?"

ከውጭ የከበሮው ድምፅ ይሰማል።

"የወለደችኝን አላየኋትም" አለች በመጨረሻ። "ስለማላውቃት አልናፈቀችኝም። ያንቺን እናት ግን አውቃታለሁ። የሄዳችሁ ቀን መኪናውን ተከትዬ ሮጥኩ፤ አባቴ ሮቢት መንገድ ላይ ነው ያገኘኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት ስነሳ የሚታየኝ አንቺ አጠገቧ ተኝተሽ ነው። ከሄዳችሁ ወዲህ ለኔ የደረሰችኝ ይቺ የሠርግ ሰሞን ናት፤ ላንቺ ዕድሜ ልክ። አሁን ደግሞ ቀናሁ ትይኛለሽ?"

"ቀናሁ አላልኩም።"

"እንግዲያ ምን ልበለው?"

ሴቶች በሩ ላይ ሆነው ተጣሯት። ተነስታ እጄን ያዘችና "ነይ፣ ልጄን ብቻዬን መሸኘት አልችልም" አለችኝ። ጎተተችኝ፤ ሄድኩ። ሙሽራዋ መኪና ስትገባ ሁለታችንም አለቀስን። ሰዉ ለአንድ ነገር ያለቀስን መሰለው።

በማግስቱ ሻንጣ ሳስር እናቴ "የኔን አታስሪ" አለችኝ። "እስከ ፋሲካ እቆያለሁ።"

ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ አለመታመን ተናገርኩ። እሷ ጥርሷን እየፋቀች ሰማችኝ። ባለቤቴ "ተያት፣ ደስ ይበላት" አለኝ፤ ለእሱ ቀላል ነው። የደም ግፊት መለኪያውንና መድኃኒቱን ለጡት እህቴ ሳስረዳት እንዲከብዳት ብዬ በጥድፊያ ነገርኳት። አልተናደደችም። "እንደገና ንገሪኝ" አለች። ነገርኳት። "እስኪ አንድ ጊዜ ደግሞ።" ቀስ ብዬ እስክነግራት ድረስ አልለቀቀችኝም።

በዐቢይ ጾም እናቴ ስትደውል የምታወራው ስለ ምግብ ነው። "የጾሜን ወጥ በሌላ ድስት ነው የምትሠራልኝ" ትለኛለች። "ሥጋ ነክቶት እንዳይሆን ብላ አዲስ ድስት ገዛች።" እኔ "ጎሽ" እላለሁ። ስልኩን ስዘጋ የራሴን ድስቶች አያለሁ።

ከፋሲካ በኋላ የጡት እህቴ ራሷ ይዛት መጣች። ባሕር ዳር መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸው። እናቴ ጠቁራለች፣ ወፍራለች። ቤት እንደገባን ግፊቷን ለካሁ፤ ከእኔ ጋ ከነበረው ትንሽ ከፍ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የጡት እህቴ ፊቴን አይታ "ከፋ እንዴ?" አለች ደንግጣ። በድንጋጤዋ አፈርኩና "መንገዱ አድክሟት ነው" አልኳት። ሐይቁን አሳየኋት፣ ለልጇም ጨርቅ አብረን ገዛን። በሄደችበት ቀን እናቴ ምሳ አልበላችም።

በማግስቱ ጠዋት ጓዳ ሆኜ ሳለ እናቴ ከአልጋዋ ተጣራች። የጠራችው የእኔን ስም አልነበረም፤ የጡት እህቴን ነው። እስክታርም ጠበቅኩ። ደግማ ያንኑ ስም ጠራች።

"አቤት እማ" አልኳትና ሄድኩ።

"ውሃ አምጭልኝ" አለችኝ፤ ቀና አድርጌ አጠጣኋት።