ያልቀመስኩት ቦይና

በየዓመቱ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ላይ ስንደርስ ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፦ «የሰው ክብር ማንም የሚሰጠው፣ ማንም የሚነፍገው አይደለም።» ከራሴ ያወጣሁት ነው፤ እወደዋለሁ። ሶዶ ውስጥ አማርኛ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ይህን ስጽፍ ድምፄ እንደሚለወጥ ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ ከኋላ የተቀመጡት እንዲያውም እኔን እያስመሰሉ ይሳሳቃሉ። ለአፍ ዳገት የለውም አይደል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ጠመኔውን ሳነሳ እጄ ይከብደኛል። እናቴ የሞተችበት ዓመት ነው።

ቤታችን ወደ ዱቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ከእኛ ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ሸክላ ሠሪዎች ይኖራሉ። «ጭናሻ» ይሏቸዋል፤ ቃሉን ፊት ለፊት የሚናገረው ግን የተጣላቸው ሰው ብቻ ነው። እንስራቸውንና ድስታቸውን የማይገዛ ቤት አልነበረም። እነሱን ቤቱ የሚያስገባ፣ ልጁን የሚድርላቸው፣ አብሯቸው የሚበላም አልነበረም።

ከእነሱ አንዷ በገበያ ቀን ሸክላዋን በጀርባዋ አዝላ ስታልፍ እኛ በር ላይ ታርፋለች። እናቴ ትወዳት ነበር፤ ይህን ስል አልዋሽም። ስትታመም ትጸልይላታለች፣ ልጅ ስትወልድም ቅቤ ልካላታለች። ምግብ የምትሰጣት ግን ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር አስቀምጣ፣ በእንሰት ቅጠል ነው። እኛም በቅጠል እንበላለን፤ የእኛ ቅጠል ግን ሳህን ላይ ይነጠፋል። ለእሷ ቅጠሉ ራሱ ሳህኗ ነበር። እኔ ነገሩ ልዩ ክብር መስሎኝ አንድ ቀን «እኔም እንደሷ በቅጠል ብቻ እበላለሁ» ብዬ ሳለቅስ እናቴ እጄን መታችኝ።

«ሳህን ይታጠባል፣ ቅጠል ይጣላል» አለች። ሴትዮዋ ከእንሰቱ ሥር ሆና ሰምታለች። ቀና ሳትል መብላቷን ቀጠለች።

እኔ ካደግሁ በኋላ የእኛ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆነች። መጋቢው በጌታ ፊት ሁላችን አንድ ነን ብሎ ሲሰብክ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የእሷ አሜን ነበር። እናቴም «እህቴ» እያለች ከጎኗ ተቀምጣ ትዘምራለች። የጌታ እራት የምንወስደው ለየራሳችን በትንንሽ ብርጭቆ ነው። ያቺ ብርጭቆ ስንቱን ገመናችንን እንደሸፈነችልን እሱ ይወቀው።

የሰፈራችን ዕድር ውስጥም ገባች። ሰው ሲሞት ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት፤ እንጨት ትፈልጣለች፣ ድንኳን ትተክላለች። ሐዘን ቤት እሳት ስለማይነድ ምግቡን የዕድሩ ሴቶች በየተራ ሠርተው ያመጣሉ። የእሷ ተራ ሲደርስ ግን ሰብሳቢዋ «አንቺ ደክሞሻል፣ አረፍ በይ» ትላታለች። እንዲህ እየተባለች ስንት ዓመት አረፈች!

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አብረን ስንመለስ አጫወተችኝ። ከእኔ ጋር በወላይትኛ አታወራም፤ አስተማሪ ናት ብላ የማትችለውን አማርኛ ትታገልልኛለች።

«እኔ ብሞት ሰው ይቀብረኛል፣ እሱን አውቃለሁ» አለች። «ግን ሳልሞት አንድ ቀን፣ እኔ የሠራሁትን ምግብ ሐዘንተኛ ይብላልኝ። እግዚአብሔርን እሱ ብቻ ነው የምለምነው።»

«ይሆናል፣ አይዞሽ» አልኳት። ለማለት ምን ቸገረኝ!

እናቴ ባረፈች በሦስተኛው ቀን ሴትዮዋ ተራ ሳይሰጣት ምግብ ይዛ መጣች። በአዲስ ድስት የተቀቀለ ቦይና፣ የእኛ አገር ጎደሬ ነው፣ ገና ይጨሳል፤ ከጎኑ የቃሪያ ዳጣ በትንሽ ሸክላ። ልብሷ የእሑድ ልብሷ ነው። ድስቱን እግሬ ሥር አስቀምጣ ተንበረከከች። በእኛ ዘንድ ለሐዘን የመጣን ምግብ መጀመሪያ የምትቀምሰው የሟች ታላቅ ልጅ ናት። እሷ ከቀመሰች ሌላው ይቀርባል፣ ካልቀመሰች የሚነካው የለም። የእናቴ ታላቅ ልጅ ደግሞ እኔ ነኝ።

«ለእናትሽ ነው። ቅመሺልኝ» አለች።

ከተበላ ከተማ የመጣችው አክስቴ ዓይኗን ተከለችብኝ። እኔ ያን ጊዜ ምን አሰብኩ? ስለ ሰው ክብር አላሰብኩም። አክስቴ ለዘመድ ሁሉ የምታወራው ነው የታየኝ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሆዴ አልቀበል ብሎኛል፣ በኋላ እበላዋለሁ» አልኩ።

ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ እምቢ ስል ሴቶቹ አላስቀምጥ አላስቆም ብለውኝ ነበር። «አፈር ስሆን!»፣ «ስለ ጌታ ብለሽ!» እያሉ በግድ ያጎርሱኝ ነበር። ሐዘንተኛ ሁለት ሦስቴ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ተለምኖ ይቀምሳል፤ ወጉ ነው። በዚያች ሰዓት ግን አንድም የለመነኝ ሰው አልነበረም። እሷ ዙሪያዋን አየች፤ ከሁሉም ፊት አንድ «እባክሽ» ስትጠብቅ ቆየች። አልመጣም።

«እንግዲህ ቦይናው ይቀዘቅዛል» ብላ ድስቱን መልሳ ከደነችው።

ሴትዮዋ ገና ከድንኳኑ ሳትወጣ አክስቴ ዳቦ ቆርሳ አፌ ላይ አደረሰችው። በላሁት። ወይ እኔ! ሳኝክ ሴትዮዋ ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ወጡ የተሠራበትን ድስት፣ ውሃው ያለበትን እንስራ፣ ሁሉንም የሠራችው እሷ ናት። በዚያ ድንኳን ውስጥ የእሷ እጅ ያልነካው ዳቦው ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከወር በኋላ ስኳር ይዤ ቤቷ ወረድኩ። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ስንኖር ገብቼ አላውቅም። ያለቻትን አንድ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠችኝ፣ ስለ እናቴ አለቀሰችልኝ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት «ተይው፣ ሐዘን ላይ ነበርሽ» አለችኝ። ያዘጋጀሁትን ቃል ሁሉ በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ወሰደችብኝ።

ከዚያ ቦይና ከምድጃው አወረደች። ለራሷና አብራት ለምትኖረው ምራቷ ቅጠል በሸክላ ሳህን ላይ አንጥፋ አቀረበች። ለእኔ በቅጠል ብቻ አድርጋ፣ በሁለት እጇ ደግፋ ሰጠችኝ።

«ለእኔም እንደናንተ በሳህን ስጪኝ» አልኳት። ድምፄ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ሆነ።

ቀና ብላ አየችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እዚህ ማን ያይሻል ልጄ?» አለች። «በቅጠሉ ብዪ። የእኔን ሳህን እንዳትጸየፊ ነው፤ ቅጠል ይጣላል።»

በላሁ፣ እስከ መጨረሻው። ስጨርስ ቅጠሉን ከእጄ ተቀብላ ወደ ጓሮ ወረወረችው።