የሊፍቱ ሰውዬና የሳሎኑ ባቡር

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቷል ይባላል። ጸጉር አስተካካዩ እንደሚያወራው ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ፍሬን የተበጠሰበት ባቡር አስራ አንድ ፉርጎ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ሲምዘገዘግ በቀበቶው ጠልፎ አቁሞታል። ወሬው ከጸጉር ቤቱ ወደ ካፌው ሲሻገር ቀበቶው ቀረና በጥርሱ ሆነ፤ ካፌ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ተጠጥቶ ሳያልቅ ፉርጎዎቹ አርባ ሞሉ። ሰፈርተኛው ስሙን ትቶ "ባቡሩ" ነው የሚለው።

ግን ይህን ጀግና ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዘጠኝ ፎቅ ባለው የቢሮ ሕንጻ፣ ሊፍት ውስጥ፣ ከቁልፎቹ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። "ስንተኛ?" ይላል፤ ይጫናል፤ በሩ ይዘጋል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ነው። ዕድሜው ደግሞ ሃምሳ አራት ነው። ሠላሳውን ባቡር፣ ሃያ ስድስቱን ሊፍት ነድቶ ከሆነ፣ ሥራ የጀመረው ሊወለድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው ማለት ነው። ይህ ሲነገረው ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን ሳያቆም፣ "ተሰጥኦ ነዋ" ይላል።

የወሬው ባለቤት ራሱ አዎም አይደለምም ብሎ አያውቅም። የሰባተኛ ፎቁ ኃላፊ "ባቡሩ፣ ወደ ሰባተኛ ጣቢያ" ሲሉት አንገቱ አንድ ጣት ያህል ይረዝማል፤ ሰባተኛ ላይ ሲወርዱ ተመልሶ ይገባል።

እሱ ያለው ባቡር የአሻንጉሊት ነው፤ ያለውም ቤቱ ነው። መጀመሪያ አልጋ ስር የምትዞር አንዲት ክብ ሐዲድ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ "ጥግ ላይ ትሁን" ብላ ፈቀደች። ሁለት ሌሊት አድሬ እሄዳለሁ ብሎ እንደገባ ዘመድ፣ ሐዲዱ በየወሩ አንድ ክንድ እየተዘረጋ ሶፋውን አስወጣ፣ ቁም ሣጥኑን ኮሪደር ላይ ጣለ፣ በመጨረሻም ሳሎኑን ከግድግዳ ግድግዳ ዞሮ ያዘው። አናጺው ጎረቤታቸው ጠረጴዛውን የሠራው እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ ከበሩ እንደሚሰፋ አዩ፤ መግቢያ እንዳልተዉለት ያዩት ደግሞ ከሁሉም በኋላ ነው። ስለዚህ ሰውየው በየቀኑ ከሥራ ሲመጣ በአራት እግሩ ከጠረጴዛው ስር ይድሃል፤ መሃል ላይ ባለችው ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ቀዳዳዋ ከሊፍቱ በአንድ ስንዝር ትጠባለች።

እዚያ ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ የባቡር መንዳት ጨዋታ ይከፍታል። ስክሪኑ ላይ እውነተኛ መስመር አለ፤ አስር ሰዓት የሚፈጅ ጉዞ፣ ከነምልክት መብራቱ። ነጂው በየሁለት ደቂቃው ፔዳል ካልረገጠ ባቡሩ "ነጂው ሞቷል" ብሎ ራሱን ያቆማል። ፔዳሉ ከሚስቱ አሮጌ የስፌት መኪና የተነቀለ ነው።

"እኔንም በየሁለት ደቂቃው መኖሬን የሚጠይቀኝ ባገኝ" ትላለች እሷ፣ መርፌ ከንፈሯ ላይ ይዛ።

ታላቅ እህቷን ካየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እህትየዋ ያለችው ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር በሚደርስበት ከተማ ነው፤ እሱም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "አብረን እንሄዳለን፣ በባቡር ነው የምወስድሽ" ሲላት ኖሯል። ዘንድሮ እህትየዋ ታመመች። ሚስቱም ሳትነግረው ሁለት ቲኬት ቆረጠች። ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ። የነገረችው ዓርብ ማታ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ ጠራችው።

"ውጣ እንጂ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ።"

ከቀዳዳው ጭንቅላቱ ብቻ ይታያል። "ወገቤን ያዘኝ" አለ።

"እንዴት ያዘህ?"

"ጭምድድ። መጉበጥ አልችልም። ካልጎበጥኩ አልወጣም።"

አናጺው ተጠርቶ መጋዙን ይዞ መጣ። ጠረጴዛውን ዞሮ አየና፣ "እኔ ጠረጴዛ የሠራሁ መስሎኝ ወጥመድ ነው ለካ" አለ። "ድልድዩ ጋ ልቁረጠው?"

"ድልድዩን አትንካ።"

"በተራራው በኩልስ?"

"ተራራው ላይ መንደር አለ።"

አናጺው በካርቶን የተሠሩትን አስራ ሁለት ቤቶች አየ። "ሰው ይኖርበታል እንዴ? እንጠራቸውና እንማከር ካልክ እኔ ጊዜ አለኝ።"

ሚስቱ አልሳቀችም። አጎንብሳ ጠረጴዛው ስር እያየች ነበር። ወገቡ የተያዘው ሰውዬ ቀኝ እግር ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ፔዳሉን ረገጠ፣ ተመለሰ። ስክሪኑ ላይ ባቡሩ ጉዞውን ቀጠለ።

"ተወው ወንድሜ" አለችው አናጺውን፣ ቀና ብላ። "ወገቡ አይደለም።" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። "ምንድነው የምትፈራው?"

"ሊፍት የሚገባ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ?" አለ። "በሩ ሲዘጋ ሁሉም የፎቁን ቁጥር ያያል። ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ፤ እነሱ ይቆማሉ። ሃያ ስድስት ዓመት አየኋቸው። እኔ እንደዚያ መቀመጥ አልችልም። ሌላ ሰው እየነዳኝ አልችልም።"

"እኔስ? ዘጠኝ ዓመት ማን እየነዳኝ የኖርኩ መሰለህ?"

ሁለተኛውን ቲኬት ደጅ ቆማ ስታይ ለነበረችው ለአናጺው ሚስት ሰጠች፤ ሴትየዋም ሻንጣ እንኳ ሳትይዝ፣ ነጠላ ጫማዋን ብቻ ቀይራ ተከተለቻት።

ቤቱ ጭር ሲል ሰውየው ወገቡን ሳያመው ጎበጠና ድሆ ወጣ። በሩ ክፍት ነው፤ ጣቢያው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ደፉ ላይ ቆመ። ከኋላው ስክሪኑ "ነጂው ሞቷል" ብሎ ጮኸ፤ ባቡሩ ቆመ። ተመልሶ ድሆ ገባ።

ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ ደወለች።

"ዋሻ አለፍን" አለችው።

"ርዝመቱ ስምንት መቶ ሜትር ነው። ከወጣሽ በኋላ ቢጫ መብራት አለ።"

"መብራት አላየሁም። እዚህ ፊት ለፊት አይታይም፤ በጎን ነው የሚታየው።" ትንሽ ቆየች። "ደግሞ ማንም ቁጥር የሚያይ የለም። አንዷ ተኝታለች፣ አንዱ ብርቱካን እየላጠ ነው። አንተ ነህ የጎደልከው።"

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ብርቱካኑን አሰበ። በጎን የሚታይ ነገር ስክሪኑ ውስጥ ፈለገ፤ አላገኘም።

ሰኞ ጠዋት ጸጉር አስተካካዩ ከሩቅ የመጣ እንግዳውን ይዞ ሊፍቱ ውስጥ ገባ። በሩ ሲዘጋ ሁለቱም ቁጥሩን አዩ።

"ይህን ሰው ታውቀዋለህ?" አለ ጸጉር አስተካካዩ እንግዳውን በክርኑ ነካ አድርጎ። "ሠላሳ ዓመት ባቡር የነዳ ነው። ስልሳ ፉርጎ በጥርሱ ያቆመ። ጥርሱን አሳየው እስቲ፣ ባቡሩ።"

ሰውየው ጣቱን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

"ባቡር ነድቼ አላውቅም" አለ። "ተሳፍሬም አላውቅም። ስንተኛ?"