ሳተላይት ስንጠብቅ

ይህን ነገር እስካሁን ሳስበው ያንገሸግሸኛል። ሲቀላ ሰፈር ስልክ የሚጠግነው ጎረቤቴ ተከተል፣ ሰሞኑን ሮኬት እንደተተኮሰና የተሸከማቸው ሳተላይቶች በአባያ ሐይቅ ላይ ተሰልፈው እንደሚያልፉ ነገረን። ፀሐይ እንደገባች የሰፈሩ ሰው በባጃጅ ተጭኖ ሐይቁ ዳር ወረደ። ስፒከር ይዞ የመጣም ነበር። አዞውን ስለምናውቀው ከውሃው ራቅ ብለን ቆምን።

ሰማይ ሰማይ ስናይ አንገታችን ደረቀ። ሰው ተከተልን መሳደብ ሲጀምር ከወዲያ ከሐይቁ ጫፍ አንድ ብርሃን ብቅ አለ። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይጠፋና ይመለሳል።

"ያውላችሁ" አለ ተከተል። ጭብጨባው ቀለጠ፣ ሙዚቃው ተለቀቀ። እኔም የስልኬን መብራት እያውለበለብኩ ሰላምታ ሰጠሁ።

"ተሰልፈው ነው የሚመጡት አላልክም እንዴ?" አለችው ባለቤቴ።

"ይቺ መሪዋ ናት፣ ሌሎቹ ይከተላሉ።"

መሪዋ ቀስ እያለች ወደ እኛ ቀረበች። ዳር ስትደርስ፣ ባትሪ የያዙ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ የተገለበጠ ታንኳቸውን እንደታቀፉ ከውሃው ወጡ። ጉማሬ ነው የገለበጠባቸው።

"ስጮህ አልሰማችሁም?" አሉን። "መብራት ስታውለበልቡልኝ ሰው የምትልኩልኝ መስሎኝ ነበር።"

ከኋላዬ አንዱ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ እንደደገነ፣ "አባባ" አላቸው፣ "ያን ባትሪ ያጥፉልን እንጂ፣ ሰማዩ እኮ አልታይ አለን።"