ወላጅ አምጡ ሲባል የሚመጣው ሰው

ጋሽ አረጋዊ ልጅ ሳይወልዱ የብዙ ልጆች አጎት ሆነዋል።

ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ካፌ በር ላይ ከጧት ጀምሮ ይቀመጣሉ። ከአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ጡረታ ከወጡ ዓመታት አልፈዋል፤ ሆኖም ያን ጊዜ ይለብሱት የነበረውን ቡኒ ኮት ከትከሻቸው አላወረዱም። ከረባታቸውንም እሑድ እንኳ አይፈቱም። ልጆቹን ያመጣባቸው ይኸው ኮት ነው።

የመጀመሪያው ዳግም የሚባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ክፍል ውስጥ ስልክ ሲነካካ ተይዞ፣ ዩኒት ሊደሩ “ወላጅ ሳታመጣ እንዳትገባ” ብሎ ከግቢ አስወጥቶት፣ ካፌዋ አጠገብ ቆሞ ያለቅስ ነበር። አባቱ በቀበቶ እንደሚገርፈው ነገራቸው። ጋሽ አረጋዊ ኮታቸውን አራገፉና ተከትለውት ሄዱ። “አጎቱ ነኝ፤ አባቱ ፊልድ ወጥቷል” አሉ። ዩኒት ሊደሩ ወንበር ሳበላቸው። ሲመለሱ ልጁ ከላይ እስከ ታች አያቸውና “ጋሼ፣ ማለቴ፣ የእውነት አጎት ነው የሚመስሉት” አላቸው።

ከዚያ ወዲህ ወሬው በአካባቢው ተማሪዎች ዘንድ ተዳረሰ። ላረፈደ፣ ፀጉሩን ያለ ደንቡ ለተቆረጠ፣ ለተደባደበ ሁሉ ይሄዳሉ። ገንዘብ አይቀበሉም። ሁለት ሕግ ብቻ አላቸው፤ ልጁ ጥፋቱን መንገድ ላይ ሳይደብቅ ይነግራቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ለወላጁ አይናገሩም። ካፌዋ መጥተው ለሚያጧቸው ልጆች እንዲጠቅም የስልክ ቁጥራቸውንም ይሰጣሉ። መምህር ሲወቅሳቸው አንገታቸውን ደፍተው “ልክ ነዎት፣ ከቤት ነው የላላው” ይላሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንም ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲህ ረዘም አድርጎ አነጋግሯቸው አያውቅም።

በዚያ ሳምንት አንድ የማያውቁት ቁጥር ደጋግሞ ይደውልላቸው ነበር። አያነሡም። “ሎተሪ ደርሶዎታል” የሚል አጭበርባሪ አንዴ ካሞኛቸው ወዲህ ከሚያውቁት ሰው በቀር ላያነሡ ምለዋል።

“ጋሼ፣ ምነው አያነሡም? የምትፈልግዎት ሴት ብትሆንስ?” አለቻቸው አስተናጋጇ ሰብሊ።

“ረፍዷል በያት።”

ስልኩን ድምፅ አልባ አድርገው ኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ቢፍቱ መጣች። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቤተሰቧ እዚሁ ካዛንቺስ ይኖር ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ሆኖም አባቷ የስምንተኛን ፈተና እስክትወስድ ትምህርት ቤት አትቀይርም ብሏል። ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ ትመጣለች። የዓመቱ መጀመሪያ ላይ በማርፈድ ስትከሰስ ጋሽ አረጋዊ አጎቷ ሆነው ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ቀርበውላታል።

“ጋሼ፣ ዛሬ ይችላሉ?”

“ምን አጠፋሽ?”

“ያው ነው። ማርፈድ።”

ኮታቸውን አራገፉና ተነሡ። “ባለፈው በማን በኩል ነበር የተዛመድነው?”

“በእማዬ። የአባቴን ወንድም አይመስሉም።”

“በኦሮምኛ ቢያናግሩኝ ጉዴ ነው።”

“ዝም ይበሉ እንጂ። አባቴም ትምህርት ቤት ሲመጣ ዝም ነው የሚለው።”

የክፍል ኃላፊዋ መምህርት የሺሃረግ ቢፍቱን ውጭ አስቀርታ በሩን ዘጋች። ጋሽ አረጋዊ ስለ ታክሲ ሰልፍ የለመዱትን ሊጀምሩ ሲሉ፣ አንድ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው። አናቱ ላይ “ቢፍቱ ዋቅጅራ” የሚል ስም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ከዚያ በታች ምንም የለም።

“የጠራሁት ስለ ማርፈድ አይደለም” አለች። “እንዲህ ያለ ወረቀት በሒሳብ ሰጠችኝ፤ በእንግሊዝኛም፣ በሳይንስም እንደዚሁ ነው። አምና አንደኛ የወጣች ልጅ ናት። ዛሬም ሰሌዳ ላይ ባወጣት ትሠራዋለች። ወረቀት ሲሰጣት ግን ስሟን ጽፋ ቁጭ ትላለች።”

ጋሽ አረጋዊ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባውም ባዶ ነው።

“ምሳዋን ለሌላ ልጅ ትሰጣለች። በእረፍት ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ብቻዋን ትቆማለች። ትናንት አብራት የምትቀመጠው ልጅ እያለቀሰች መጣችብኝ። ቢፍቱ ‘እኔ ባልኖር ቤታችን ሰላም ይሆን ነበር’ አለችኝ ብላ።” መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ልጆች ብዙ ነገር ይላሉ። ይቺን አባባል ግን ፈራኋት። ቤት ውስጥ ምን አለ?”

“ከቤት ነው የላላው” የሚለው አፋቸው ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

“ሰላም ነው” አሉ።

“አባቷ ዘንድ ሳምንቱን ሙሉ ደወልኩ፤ አያነሱም። እስቲ አሁንም ልሞክር።”

ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ያን ጊዜ የጋሽ አረጋዊ ደረት ላይ፣ ከኮታቸው ሥር ስልካቸው ይነዝር ጀመር። ረጅም ጊዜ ነዘረ። እጃቸውን ኪሳቸው ላይ ጭነው፣ እሷ እስክትተወው ጠበቁ።

“አዩ? አያነሱም። ምን ዓይነት አባት ነው?”

“እነግረዋለሁ” ብለው ወጡ።

ቢፍቱ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ቆሙ።

“የኔን ቁጥር የአባትሽ ነው ብለሽ ነው የሰጠሻት?”

“የእሱን ብሰጣት ይመጣላ።”

“ይምጣ እንጂ።”

“ጋሼ፣ አባቴ እኮ ጎሚስታ ነው፣ ጎተራ ድልድዩ ጋ። ጎማ ለሚያስጠግን ሁሉ ልጄ ፈተናውን አልፋ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት ትገባለች ይላል። ባለ ላዳው፣ ባለ አይሱዙው ሁሉም ያውቁኛል። ዶክተሯ ነው የሚሉኝ። እማዬ ደግሞ ልጅቷ በመንገድ አለቀች፣ እዚሁ አዲሱ ሰፈራችን ትማር ትላለች። በዚያ ማታ ማታ ይጣላሉ። በቃ፣ ወረቀቱን ሳየው እጄ አይሄድልኝም።”

“ይህንኑ ለሱ ብትነግሪውስ?”

ቀና ብላ አየቻቸው። “እርስዎ አይናገሩም ብዬ ነው የመጣሁት። አይናገሩም አይደል?”

“ክፍልሽ ግቢ” አሉ።

እሺታ መሰላት። እንደመሰላት እሳቸውም አውቀዋል።

ካፌ ተመልሰው ማኪያቷቸውን አዘዙና ሳይነኩት ተቀመጡ። ቢናገሩ ከነገ ጀምሮ አንድም ልጅ እዚህ በር ላይ አይቆምም። የትምህርት ቤቱ ሰዎች ደግሞ እስከ ፖሊስ ቢያደርሷቸው ማን ይፈርድባቸዋል? ከተቀመጡበት የትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ይታያል። የእረፍት ደወል ሲደወል በረንዳው በልጆች ተሞላ። ሁሉም ያንኑ ሹራብ ለብሰዋል፤ የትኛዋ ቢፍቱ እንደሆነች መለየት አቃታቸው።

ተነሥተው የጎተራ ታክሲ ያዙ።

የቢፍቱን አባት ዋቅጅራን ድልድዩ ጋ አንድ ጎማ ውኃ ውስጥ እያሽከረከረ ቀዳዳውን ሲፈልግ አገኙት።

“ዋቅጅራ እርስዎ ነዎት?”

“ነኝ። የትኛው ጎማ ነው?”

“ጎማ አይደለም። የቢፍቱ ጉዳይ ነው።”

ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆመ። “ልጄ ምን ሆነች?”

“ክፍሏ ውስጥ ናት። ደህና ግን አይደለችም።”

“እርስዎ ማን ነዎት?”

“ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ በእርስዎ ፈንታ የምሄደው ሰው ነኝ።”

ባዶውን ወረቀት፣ በረንዳውን፣ ልጅቷ ያለችውን፣ መምህሯ ስትደውልበት የሰነበተችው ስልክ የእሳቸው መሆኑንም ነገሩት። ዋቅጅራ የያዘውን ጎማ አልለቀቀውም። ውኃው በክንዱ እየወረደ ሱሪውን አራሰው።

“መምህሯ ስትደውል ለምን አላነሡም?” አለ በመጨረሻ።

“የማላውቀው ቁጥር ነበር።”

“እኔ የማላውቀውን ሁሉ አነሳለሁ። ደንበኛ ነው ብዬ።”

“ዋቄ፣ ጎማዬስ?” አለ አንድ ባለ ላዳ ከወዲያ። “ዶክተሯ ደህና ናት?”

ዋቅጅራ ጎማውን አስቀመጠ። እጁን በኦሞ ፈተገ፤ ደግሞ ፈተገ። ጥቁሩ ከጥፍሩ ሥር አልወጣም። ጋሽ አረጋዊ ኮታቸውን አውልቀው ዘረጉለት።

“ይህን ይደርቡ።”

ዋቅጅራ ኮቱን ትክ ብሎ አየው። “ይህን ለብሰው ነው እኔን የሆኑት?”

“አዎ።”

“ይቅር።”

ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። መስቀል አደባባይን ሲያልፉ ዋቅጅራ ወደ እሳቸው ዞረ።

“መምህሯ ምን ትጠይቀኛለች?” አለ።

“ቤት ውስጥ ምን እንዳለ። እኔ መመለስ አልቻልኩም።”

ዋቅጅራ በመስኮቱ እያየ፣ “እኔስ እችላለሁ?” አለ፤ የጠየቀው ግን እሳቸውን አይመስልም።

መምህርት የሺሃረግ ሁለቱን በር ላይ ስታይ ከወንበሯ ተነሣች።

“አባቷ እኚህ ናቸው” አሉ ጋሽ አረጋዊ። “እኔ አጎቷ አይደለሁም። ሲደውሉበት የሰነበቱት ስልክም የኔ ነው።”

የሥራ ልብስ የለበሰውን ሰው አየች፤ ቀጥላ ኮት የለበሱትን። “እርስዎ ውጭ ይጠብቁ” አለቻቸው።

ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህርቷ አስጠርታት ቢፍቱ ደረጃውን ወጣች። በተከፈተው በር የአባቷን ጀርባ ስታይ ቆመች።

“ነገሩት?”

“ነገርኩት።”

“አልናገርም ነበር ያሉት።”

“ነበር።”

አልፋቸው ገባች። በሩ ተዘጋ። መጀመሪያ የመምህርቷ ድምፅ ተሰማ። በኋላ ዋቅጅራ በኦሮምኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መናገር ጀመረ፤ ምን እንደሚል አልገባቸውም። አንድ ሰው አለቀሰ፤ አባትየው ይሁን ልጅቷ መለየት አልቻሉም።

ስልካቸው ነዘረ። ያው ቁጥር ነው። አነሡት።

“አቤት።”

የመምህርቷ ድምፅ ከስልኩም ከበሩም መጣ። “ይህን ቁጥር ከቢፍቱ ስም ላይ ላጠፋው ነው። ከማጥፋቴ በፊት አንድ ነገር ይንገሩኝ። በዚህ ስልክ አባት የሆኑለት ሌላ ልጅ አለ?”

የምሳ ደወል ተደወለ። ልጆች እየተጋፉ ወደ ደረጃው ጎረፉ። ከመካከላቸው አንዱ ሲያልፍ ጋሽ አረጋዊን አይቶ፣ እንደ ወትሮው በዓይኑ ጠቀሳቸው።

“አለ” አሉ።